«ይኼማ ፕሪንት ነው» ለምትሉኝ ደንበኞቼ

ዱባይ ሚና ባዛር ውስጥ ሳሪ እሸጣለሁ። አሠሪዎቼ ከህንድ ጉጃራት ግዛት የመጡ ናቸው፤ ሐበሻ ደንበኛ ከገባች ግን ወደ እኔ ትላካለች። አብዛኞቹ ለሰርግ ወይም ለመልስ የሚሰፋ ጨርቅ የሚፈልጉ ናቸው። ባንዳኒውን፣ ማለትም እየታሰረ የሚነከረውን ነጠብጣባም ሳሪ፣ ስዘረጋላት ነጠብጣቡን በጣቷ ነካ ታደርግና «ይኼማ ፕሪንት ነው፤ እዚያ ማዶ በሩብ ዋጋ አለ» ትለኛለች። ጠዋት አንዷ፣ ከሰዓት ሌላዋ። እስቲ አንዴ ጽፌው ልገላገል።

«ነጠብጣቡ በማሽን የታተመ ነው»

የማዶው አዎ፣ ፕሪንት ነው። ለዚህም ነው በሩብ ዋጋ የሚሸጠው። ባንዳኒ ላይ ግን እያንዳንዷ ነጠብጣብ ቋጠሮ ነበረች። ሥራው በጉጃራት ኩችና ጃምናጋር፣ እንዲሁም በሌላዋ የህንድ ግዛት በራጃስታን ይሠራል። ጨርቁ ይታጠፍና ታጥቦ በሚለቅ ቀለም ንድፍ ይደረግበታል። ከዚያ ሴቶች ቤታቸው ቁጭ ብለው ጨርቁን በጥፍራቸው ጫፍ ወይም ጣት ላይ በሚጠለቅ ሹል ቀለበት ብቅ ያደርጉታል፤ ብቅ ያለችውን ጫፍ በክር ጥምጥም አድርገው ያስሯታል። ቀጥሎ ሌላዋን። ከዚያ ሌላዋን። ደህና ሳሪ ላይ ቋጠሮው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል፤ ወራትም ይፈጃል። የእጅ ዋጋው የሚታሰበው በቋጠሮ ብዛት ነው፤ አራት ቋጠሮ እንደ አንድ ይቆጠራል። ስለዚህ «ለምን ተወደደ?» ያለችኝን «ነጠብጣቡን ቁጠሪው» እላታለሁ። እስካሁን ቆጥራ የጨረሰች የለችም።

ነጩም፣ ቢጫውም፣ ቀዩም ነጠብጣብ በብሩሽ የተቀባ የሚመስላቸውም አሉ። ማንም አልቀባውም። ነጭ ሆኖ የሚቀረው መጀመሪያ ይታሰርና ጨርቁ ቢጫ ቀለም ውስጥ ይነከራል። ቢጫ የሚቀረው ደግሞ ይታሰርና ቀይ ውስጥ ይነከራል። ጥቁር ወይም ደማቅ ቡናማ ካስፈለገ እንደገና ታስሮ እንደገና ይነከራል። ሁልጊዜ ከፈዛዛው ወደ ጠቆረው ነው የሚኬደው፤ ወደ ኋላ መመለስ የለም።

ትንሽ የሚያውቁት ደግሞ ይብሳሉ። አንዷ «ግራው ላይ ያለው ዝሆን ቀኙ ላይም አለ፤ የእጅ ሥራ እንዲህ አይመሳሰልም» ብላ ተከራክራኛለች። የሚመሳሰለው ጨርቁ ሁለት ወይም አራት ታጥፎ ስለሚታሰር ነው። እሷ ማየት የነበረባት ሌላ ነገር ነው። በእጅ የታሰረ ነጠብጣብ ፍጹም ክብ አይወጣም፣ አንዱም ከሌላው ትንሽ ይለያል። ብዙ ጊዜ መሐሉ ላይ ቀለም የነካት ጭረት ታህል ነጥብ አለች። ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ደግሞ ጎርበጥ ይላል። ገልብጣችሁም እዩት፦ ፕሪንት ከጀርባ ይፈዛል፤ የተነከረ ጨርቅ ግን ቀለሙ ሁለቱንም ፊት ዘልቆታል። ክሩ ገና ያልተፈታ ካለ ጠይቁ። ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ሲስበው ቋጠሮው እየፈረጠ ይፈታል፤ ከዚያ በኋላ «ፕሪንት ነው» ያለችኝ የለችም።

«ጨርቁ ተጨማዷል፣ ተኩሱልኝ»

ጭምድዱ የቋጠሮው ምልክት ነው። ህንዶቹ እሱን አይተው ይገዛሉ፣ የኛ ሰው እሱን አይቶ ይመልሳል።

«ወርቀዘቦው በኋላ የተጠለፈ ነው»

ጋርቾላ በሚባለው የጉጃራት ሙሽሮች ሳሪ ላይ የወርቁ መስመር ከሽመናው ጋር የገባ ነው። መጀመሪያ ጨርቁ በወርቃማ ክር አራት ማዕዘን እየተከፋፈለ ይሸመናል፤ ማሰሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በየማዕዘኑ ውስጥ ዝሆን፣ ጣዎስ ወይም የሎተስ አበባ በነጠብጣብ ይሠራል። በልማዱ ክፍሎቹ 12 ወይም 52 ናቸው። ለሙሽራዋ የሚሰጠው የባሏ ቤተሰብ ነው።

«ክሩ ወርቅ ነው» እና «ከጠቆረ ፎርጅድ ነው»

ሁለቱም ስህተት ነው። ዛሪ የሚባለው ይህ ወርቃማ ክር ዋና አገሩ የጉጃራቷ ከተማ ሱራት ነው። ጥሩው የሐር ክር ላይ ስስ የብር ሽቦ ተጠምጥሞ በወርቅ የተለበጠ ነው። ስለዚህ ወርቁ ልባጭ ብቻ ነው። ከሱ የሚያንሰው በብር ሽቦ ፈንታ መዳብ ይሆናል። ገበያውን የሞላው ርካሹ ደግሞ የሚያብለጨልጭ ፕላስቲክ ነው።

አንድ ደንበኛዬ ሳሪዋን ይዛ መጥታ «ፎርጅድ ሸጣችሁልኝ፣ ጠቆረ» ብላ ጮኸችብኝ። የሸጥንላት እውነተኛውን ነበር! ብር ነው የሚጠቁረው። ፕላስቲክ ሲያብለጨልጭ ይኖራል፤ ምን አለበት? የድሮ እናቶች ሳሪያቸው ሲያረጅ ብሩን አቅልጦ ለሚያወጣ ነጋዴ ይሸጡት ነበር።

ማጣራት የፈለገ ጠርዙ ላይ ያለችውን ትርፍ ክር ከጀርባ በጥፍሩ ቀስ አድርጎ ይፋቃት። ከሥር ቀይ ወይም ብርቱካንማ ሐር ከወጣ ጥሩ ምልክት ነው። ሱቅ ውስጥ ላይተር አውጥቶ ማቃጠል ግን አይቻልም። አዎ፣ ተሞክሯል።

«ቀለም ከለቀቀ ጥራት የለውም»

ደማቅ ቀይ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ይለቃል። ላውንደሪ ስትሰጡት ድራይ ክሊን በሉ፤ ባልዲ ውስጥ ከነጠላ ጋር አትዘፍዝፉት።

ቀሚስ ለማሰፋት ከገዛችሁ ልብስ ሰፊያችሁ ሳይቆርጠው በፊት ይተኩሰው። ጭምድዱ ጨርቁን ስለሚያጠበው፣ ሳይተኮስ ከተቆረጠ ጨርቁ ቆይቶ ይለጠጥና ቀሚሱ ከላያችሁ ይወርዳል። ጋርቾላ ከሆነ ግን ባትቆርጡት ደስ ይለኛል፤ እንዳለ ልበሱት። ስታስቀምጡት በፕላስቲክ ከረጢት አትጠቅልሉት፤ በንጹሕ ነጭ አቡጀዴ ጠቅልሉት። በየጥቂት ወሩ አውጥታችሁ እጥፋቱን ለውጡ፣ አለዚያ የወርቁ ክር እጥፋቱ ላይ ይሰበራል። ሽቶ ሳሪው ላይ አትርጩ፤ ቀድማችሁ ሰውነታችሁ ላይ ተቀቡ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ልበሱ።