«ሞራሉ የለኝም» ለምትሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች

ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ማታ ማታ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ተማሪው ይቀየራል እንጂ የምሰማው ወሬ ያው ነው። እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። ትንንሾቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው።

«ሊኑክስ የሃከሮች ነው።» አይደለም። ሊኑክስ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተርን የሚያሠራ ሲስተም ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው አንድሮይድ ስልክ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ላይ ነው የሚሠራው። ከ2017 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የዓለማችን 500 ፈጣን ሱፐር ኮምፒውተሮች ዝርዝር ውስጥ ያሉት በሙሉ ሊኑክስ ናቸው።

«ሒሳብ ካልቻልኩ ፕሮግራሚንግ አይሆንልኝም።» ለጀማሪ አራቱ የሒሳብ መደቦችና ነገርን በቅደም ተከተል ማሰብ ይበቃሉ።

«ዳታ ካለቀ ማጥናት አይቻልም።» የሊኑክስ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ በእንግሊዝኛ «man» ብላችሁ የትእዛዙን ስም ጻፉ። ማብራሪያው እዛው ኮምፒውተራችሁ ላይ ነው።

«መጀመሪያ አዲስ ላፕቶፕ ልግዛ።» ይሄኛው ያናድደኛል፤ ቤተሰብ ያላቅሙ ገንዘብ ያወጣበታል። ታይዋን ገበያ ከመውረዳችሁ በፊት ቤት ያለችውን አሮጌ ላፕቶፕ አምጧት። 4 ጊጋ ራም ካላት ቀለል ካሉት የሊኑክስ ዓይነቶች ሊኑክስ ሚንት ኤክስኤፍሲኢ ወይም ሉቡንቱ ጫኑባት። ፓይተንና ሲ ለሚባሉት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ትበቃለች። ሃርድ ዲስኳን በኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) መቀየር ከቻላችሁ ደግሞ ልዩነቱን ወዲያው ታዩታላችሁ። መጫን ከፈራችሁ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ከፍላሹ አስነሷት፤ ስትጨርሱ ፍላሹን ንቀሉ፣ ዊንዶውሱ እንደነበረ ነው። ለመጫን ስትወስኑ ግን ፋይላችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ቅዱ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ላይ ዲስኩን በፓርቲሽን እየከፈላችሁ መብራት ከሄደ ፋይላችሁ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ይህን ስንቴ እንደነገርኩ!

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «ዲፓርትመንቱን አልመረጥኩትም፣ ተመድቤ ነው። ስለዚህ ሞራሉ የለኝም። ሲመጣልኝ እጀምራለሁ።»

ቅሬታው ይገባኛል። ሌላ ነገር ሲመኝ ኖሮ ኮምፒውተር ሳይንስ የደረሰው ልጅ ቢከፋው አይፈረድበትም። ስህተቱ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ፍላጎት ይቀድማል፣ ሥራ ይከተላል የሚለው። እኔ የማየው የተገላቢጦሹን ነው። መጀመሪያ የሚያስቸግር ነገር ይኖራል። እሱን ለመፍታት ትነካካላችሁ። የሆነች ነገር ትሠራላችኋለች። ፍላጎቱ የሚመጣው ይሄኔ ነው።

ሊኑክስ ራሱ የተወለደው እንዲህ ነው። የፈጠረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር፤ ዕድሜው 21። ዓለምን ልቀይር ብሎ አልተነሳም። ከቤቱ ሆኖ የዩኒቨርሲቲውን ኮምፒውተር የሚያገኝበት ፕሮግራም ስላልጣመው የራሱን ጻፈ። ፋይል ማውረድ ሲፈልግ የዲስክ ድራይቨር (ዲስኩን የሚያሠራ ፕሮግራም) ጨመረ። ከዚያ ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደራጁበትን ፋይል ሲስተም። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ለሰው ሲያሳውቅም የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፣ ትልቅ ነገር አይሆንም ነበር ያለው።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ከማስጠናቸው ልጆች አንዱ ተመድቦ የገባ ነው። ኮድ የሚያየው ለፈተና ብቻ ነበር። እናቱ ቀፊራ ሱቅ አላቸው። አንድ ቀን ከዱቤ ደብተራቸው ላይ አንድ ቅጠል ተገንጥሎ ጠፋና ከደንበኛ ጋር ተጣሉ። ልጁ በጣም ተናዶ መጣ። «ይሄ በፓይተን ይሠራል?» አለኝ። ሞክረው አልኩት።

ፕሮግራሙ ቀላል ነው። ስምና ብር ይቀበላል፣ ፋይል ላይ ይጽፋል፣ የእያንዳንዱን ሰው ዕዳ ይደምራል። ሠራለት። ግን አንዲት ደንበኛ ሁለት ሆና ወጣች። አንዴ «ፀሐይ»፣ አንዴ «ጸሀይ» ተብላ ተጽፋለች። ለእኛ አንድ ሰው ናት። ለኮምፒውተሩ ግን ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ ለፊደላት ቁጥር በሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የየራሳቸው ቁጥር ያላቸው የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ስለዚህ ስም ከማመሳከሩ በፊት ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ የሚቀይር ፈንክሽን ጻፈ። «ሥላሴ» የሚል ስም ሲመጣ እንደገና ተበላሸ። የቀየረው ግዕዙን ብቻ ነበር፤ ሣድሱን ረስቶታል። የፊደሎቹን ዘር በሙሉ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ መደርደር ነበረበት። ደረደረው። ሲነጋ ገና ኮምፒውተሩ ላይ ነበር።

ለዚህ ልጅ ሞራል የሰጠው ሰው የለም። ቪዲዮ አላየም፣ ምክር አልሰማም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ ጥያቄው ሌላ ሆኖ አገኘሁት። «ፋይሉ በየማታው ራሱ ኮፒ እንዲሆን ምን ላድርግ?» ክሮን የሚባለውን፣ በተወሰነ ሰዓት ሥራ ራሱ የሚያስጀምረውን የሊኑክስ ፕሮግራም አሳየሁት። ተርሚናል የለመደው በዚህ ሰበብ ነው። ለፈተና የሸመደዳቸው ትእዛዞች ያኔ ነው ሥራቸው የገባው።

ስለዚህ «ምን ልማር?» ብላችሁ አትምጡብኝ። ቤታችሁ ምን እንደሚያስቸግር ይዛችሁ ኑ። የባጃጅ የቀን ገቢ ይሁን፣ የእቁብ ተራ ይሁን፣ ስልካችሁን ያጣበበው ፎቶ ይሁን። ትንሽ ይሁን፣ ብቻ የራሳችሁ ይሁን። ሊኑክስ የምናደርግበት ፍላሽም አትርሱ፤ 8 ጊጋ ይበቃል። ውስጡ ያለው ስለሚጠፋ ባዶ አድርጋችሁ አምጡት።