የተመራማሪ የዕለት ተዕለት ኮምፒዩተር፦ ዕቃውና ሶፍትዌሩ

የሳይንስ ተመራማሪ ኮምፒዩተር ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ክፍል የሚሞላ፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ማሽን ነው። እውነታው ተራ ነው። አብዛኛው ቀን የሚያልፈው አንድ ላፕቶፕ ላይ ነው። ኢሜይል ይመለሳል፣ የሰው ጽሑፍ ይነበባል፣ ሠንጠረዥ ይስተካከላል፣ ግራፍ ይሳላል፣ ከዚያ ይጻፋል። ከባዱ ስሌት ሌላ ቦታ ይሠራል። ከእነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹን የሠሯቸው ራሳቸው ተመራማሪዎች ናቸው፤ አንድ ነገር አስቸግሯቸው ወይም አናዷቸው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕቃው

ላፕቶፕ ሲመረጥ ከፕሮሰሰሩ በፊት የሚታየው ራም፣ ማለትም ማሽኑ እየሠራ መረጃ የሚይዝበት ጊዜያዊ ማስታወሻው ነው። መረጃው ራም ውስጥ ካልገባ ማሽኑ ወደ ዲስክ እየተመላለሰ ይንፏቀቃል። ለጥቂት ሠንጠረዥ 8 ጊጋባይት ይበቃል፤ ለምስልና ለዘረመል መረጃ ግን ወንዝ አያሻግርም። ሁለተኛ ሞኒተር ቅንጦት ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ በአንዱ ኮዱ፣ በሌላው ጽሑፉ ይከፈታል።

ላፕቶፑ ያልቻለው ወደ ክላስተር፣ ማለትም አብረው እንዲያሰሉ ወደተገናኙ ብዙ ኮምፒዩተሮች ይሄዳል። በ1994 የናሳ ጎዳርድ ማዕከል ባለሙያዎች 16 ተራ ፕሮሰሰሮችን በተራ ኔትወርክ አገናኝተው ቢዎልፍ የሚባለውን ክላስተር ሠሩ። ከዚያ ወዲህ ትልቅ ስሌት የውድ ማሽን ባለቤቶች ብቻ መሆኑ ቀረ። ወደ ክላስተሩ ከሩቅ የሚገባበት ኤስኤስኤች የተባለው ሶፍትዌር ደግሞ በ1995 ከሄልሲንኪ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ነው። ታቱ ዩሎነን የተባለ ተመራማሪ የዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ ፓስወርድ ሲሰረቅ አይቶ ጻፈው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ማታ ሥራውን ወረፋ ውስጥ አስገብቶ መተኛት። ጠዋት ሲታይ፣ በፋይሉ ስም ውስጥ አንድ ፊደል ተሳስቶ ሥራው በሦስተኛው ሰከንድ ቆሟል። ወረፋው እንደገና ከጅራቱ ይጀመራል።

የግራፊክስ ካርድ ሠሪው ኤንቪዲያ ካርዱን ለተራ ስሌት ማዘዣ የሚሆነውን ኩዳን ካወጣበት ከ2007 ጀምሮ ለጌም የተሠራው የግራፊክስ ካርድም ለሳይንስ ስሌት ገብቷል።

መጻፊያው

በ1977 የስታንፎርዱ የኮምፒዩተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ዶናልድ ክኑት የአንድ መጽሐፋቸው አዲስ እትም ናሙና መጣላቸው። ሲያዩት አንጀታቸው አረረ። ዘመኑ ማተሚያ ቤቶች የእርሳስ ፊደል ለቀማን ትተው ወደ ፎቶ የዞሩበት ነው፤ ፊደሉም ቀመሩም አስቀያሚ ሆኖ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ደብዳቤ ጽፎ ያማርር ነበር። ክኑት ግን የራሳቸውን የፊደል ለቀማ ሶፍትዌር ለመጻፍ ተቀመጡ። ቶሎ የሚያልቅ መስሏቸው ነበር፤ ከ10 ዓመት በላይ ፈጀ። ስሙ ቴክ ነው።

ክኑት በቴክ ውስጥ ስህተት ላገኘ ሰው ቼክ ይልኩ ነበር። ሽልማቱ ከ2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ተነስቶ በየዓመቱ እጥፍ እየሆነ 327 ዶላር ከ68 ሳንቲም ላይ ቆመ። ብዙዎቹ ቼኩን አልመነዘሩትም፤ በፍሬም አድርገው ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። የሥሪቱ ቁጥር ራሱ ቀልድ አለው። ቴክ በታደሰ ቁጥር አንድ አኃዝ እየጨመረ ወደ ፓይ (π) ይጠጋል፤ አሁን 3.141592653 ደርሷል። ሌስሊ ላምፖርት በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላቴክን በላዩ ሠራበት፤ ዛሬ ሒሳብና ፊዚክስ የሚጻፈው በዋናነት በእሱ ነው።

በላቴክ የሚጽፍ ሰው ክፍልፋይ ሲፈልግ በማውስ አይጎትትም። ትዕዛዙን በፊደል ይጽፋል፣ አቀማመጡን ማሽኑ ያሰላዋል። አንድ ቅንፍ መዝጋት ከረሳ ግን ገጽ ሙሉ የስህተት መልእክት ይጎርፍበታል። ስህተቱም ብዙ ጊዜ ያለው ማሽኑ ከጠቆመው መስመር ከፍ ብሎ ነው። እንዲያም ሆኖ ከ30 ዓመት በፊት የተጻፈ የላቴክ ፋይል ዛሬም በማንኛውም የጽሑፍ ማረሚያ ይከፈታል።

በሕክምናና በባዮሎጂ አብዛኛው ሰው የሚጽፈው በዎርድ ነው። ክፋት የለውም። ማጣቀሻ ለመያዝ ከ2006 ጀምሮ በነፃ የሚገኘው ዞቴሮ አለ፤ የተጀመረው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው።

ስሌትና ግራፍ

በ1957 የወጣው የፕሮግራም ቋንቋ ፎርትራን አልሞተም። ላፓክ የሚባለው የማትሪክስ (የቁጥር ሠንጠረዥ) ስሌት ስብስብ በእሱ የተጻፈ ነው፤ ብዙ አዳዲስ ሶፍትዌሮችም ከሥር እሱን ይጠራሉ። ማትላብ የሚባለውን የስሌት ሶፍትዌር የሒሳብ መምህሩ ክሊቭ ሞለር የጀመሩት ተማሪዎቻቸው ፎርትራን ሳይማሩ እንዲያሰሉ ብለው ነው። በ1984 ኩባንያ ሆነ፤ ዛሬ ከዜሮ ለሚጀምር ሰው የፈቃድ ክፍያው አያዋጣም።

አርና ፓይዘን የሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች ግን ነፃ ናቸው። አርን በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጀመሩት። ለፓይዘን ግራፍ የሚስለውን ማትፕሎትሊብ የጻፈው ጆን ሀንተር የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪ ነበር፤ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች የአንጎል ምልክት ለማየት ፈልጎ ነው። ኮዱን፣ ውጤቱንና ጽሑፉን በአንድ ገጽ የሚይዘው ጁፒተር የሚባለው ማስታወሻም ፈርናንዶ ፔሬዝ በ2001 የፊዚክስ ዶክትሬት ተማሪ እያለ ከጀመረው አይፓይዘን ከሚባል የፓይዘን መሥሪያ የወጣ ነው። ከሁለቱ ቋንቋዎች የትኛው ይሻላል? ይህ ወዳጅ የሚያቃቅር ጥያቄ ነው። ምናልባት ስታቲስቲክስ የሚበዛበት ወደ አር፣ ሌላው ወደ ፓይዘን ያደላ ይሆናል።

ኤክሴልን የማይጠቀም ላቦራቶሪ ማግኘት ይከብዳል፤ ጣጣው ግን ብዙ ነው። አንድ ሰው የሠንጠረዡ አንድ ሳጥን ውስጥ ሴፕት2 ብሎ የዘረመል ስም ጽፎ ኢንተር ይጫናል። ኤክሴል ሴፕቴምበር 2 ያደርገዋል። ሰውዬው ልብ አይልም፤ ሠንጠረዡ ከጽሑፉ ጋር ይታተማል። በ2016 የወጣ ጥናት የዘረመል ዝርዝር በኤክሴል ካያያዙ ጽሑፎች ውስጥ አንድ አምስተኛ ያህሉ እንዲህ ያለ ስህተት እንዳለባቸው አሳየ። በመጨረሻ የተሸነፈው ሳይንሱ ነው። በ2020 የዘረመል ስም የሚያወጣው ኮሚቴ ስሞቹን ራሳቸውን መቀየሩን አስታወቀ፤ ሴፕት2 ሴፕቲን2 ሆነ።

ፋይል አያያዝ

«መጨረሻ»፣ «መጨረሻ2»፣ «እውነተኛው መጨረሻ» የሚሉ ፋይሎች ያልተከማቹበት ኮምፒዩተር ብርቅ ነው። ለዚህ የሚሆነው ጊት የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ሊነክስ የሚባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓተ ክወና የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 ለዚያው ሥራ ጻፈው። ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደቀየረ ይመዘግባል፤ ወደ ኋላም ይመልሳል። ለኮድና ለላቴክ ግሩም ነው። ለዎርድ ፋይል ብዙም አይረዳም፣ ውስጡን በመስመር አያነበውም። የሙከራ መረጃ ደግሞ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይቀመጣል፤ ከቅጂዎቹ አንዱ ከሕንፃው ውጭ ይሆናል።