ደረት ሳይከፈት የልብ ቀዳዳ የሚደፈነው እንዴት ነው?

ጥያቄው ደጋግሞ ስለሚነሳ ላብራራው። ብዙዎች ቀዳዳው በመድኃኒት ወይም በጨረር የሚዘጋ ይመስላቸዋል፤ አይደለም። መግቢያው ብሽሽት ላይ ያለ የደም ሥር ነው። ሐኪሙ በዚያ በኩል ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ አስገብቶ፣ በራጅና በአልትራሳውንድ ምስል እየተመራ ልብ ድረስ ይዘልቃል።

መድፈኛው ከኒኬልና ከታይታኒየም ቅይጥ ሽቦ የተሠራ መረብ ነው (የኒኬል አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ ይናገር)። ቱቦው ውስጥ ተጣጥፎ ያልፋል፤ ሲወጣ ቅርጹን መልሶ ይይዛል። በቀጭን አንገት የተያያዙ ሁለት የሸሚዝ ቁልፎችን አስቡ፦ አንዱ የልብን ግራና ቀኝ በሚለየው ግድግዳ ግራ፣ ሌላው በቀኝ ይቀመጣል፤ አንገቱ ቀዳዳው ውስጥ ይቀራል።

«ታዲያ መቼ ይወጣል?» አይወጣም። በወራት ውስጥ የልብ የራሱ ሕብረ ሕዋስ ያለብሰዋል። እስከዚያው የደም መርጋትን የሚከላከል መድኃኒት ይወሰዳል፤ ዓይነቱና የሚወሰድበት ጊዜ ግን ከሰው ሰው ይለያያል።

ሁሉም ቀዳዳ በዚህ መንገድ አይደፈንም። ለዚህ የሚመቸው በሁለቱ የላይኛ ክፍሎች መካከል፣ በግድግዳው መሃል የሚገኝና ዙሪያው መድፈኛውን የሚይዝ በቂ ጠርዝ ያለው ነው። ጠርዝ ከሌለው ዛሬም የቀዶ ጥገና ሥራ ነው።

ደግሞም ከአራት አዋቂዎች በአንዱ ገደማ በዚሁ የላይኛ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ከፅንስነት ዘመን የቀረ ትንሽ ክፍተት አለ። አብዛኞቹ ሳያውቁት ይኖራሉ። ይደፈን የሚባለው በተለይ ሌላ ምክንያት ያልተገኘለት ስትሮክ ሲያጋጥም ነው።