ልጅ እያሳደጉ አካባቢን መጠበቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ልጅ እያሳደጉ ስለ አካባቢ ጥበቃ ማሰብ ለብዙ ወላጅ ቅንጦት ይመስለዋል። ጠዋት ምሳ ዕቃ፣ ማታ የቤት ሥራ፣ መሀል ላይ የውሃ ተራ። ማን ጊዜ አለው? እኔ ግን ነገሩን የማየው በተቃራኒው ነው። ከቤታችን የሚወጣውን ጭስና ቆሻሻ ከማንም ቀድሞ የሚቀምሰው ልጃችን ነው። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞቻችን ደጋግሜ የምሰማቸውን አባባሎች እስቲ አንድ በአንድ ላንሳ።

«ይሄ የሀብታም ኑሮ ነው»

ይህን የሚሉት አብዛኞቹ የቀርከሃ ጥርስ ብሩሽ ወይም «ኦርጋኒክ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የሕፃን ልብስ ዋጋ ጠይቀው የደነገጡ ሰዎች ናቸው። አልፈርድባቸውም። ግን እነዚህን መግዛት ማንም አላስገደደንም። የታላቁን ልብስ ለታናሹ ማውረስ፣ ዘንቢል ይዞ ገበያ መውጣት፣ አሮጌ ጀሪካንና ጠርሙስ ለቆራሌው መስጠት፣ ያደረ እንጀራ ፍርፍር ማድረግ፣ ከዚያም የተረፈውን አስጥቶ ለድርቆሽ ማስቀመጥ ወጪ የለውም። ምግቡም ቢሆን እንደዚያው ነው። ሽሮና ምስር ከሥጋ ጋር ሲነጻጸሩ በአካባቢ ላይ የሚያደርሱት ጫና እጅግ ትንሽ ነው። ጥራጥሬ ናይትሮጅን ከአየር ወስዶ የበቀለበትን መሬት ያዳብራል። ይህን ስል የልጆች እንቁላልና ወተት ይቀነስ ማለቴ አይደለም። በማደግ ላይ ያለ ልጅ ያስፈልገዋል።

«ከሰል ጭስ የለውም፣ ልጅ አይጎዳም»

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ከሰል ከእንጨት ያነሰ ጭስ ስላለው ንጹሕ ይመስላል። ነገር ግን ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል። ጋዙ አይታይም፣ አይሸትም። «ፍሙ በደንብ ከቀላ በኋላ ቤት ቢገባ ችግር የለውም» የሚባለውም ስህተት ነው። የቀላ ፍም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። ክረምት በገባ ቁጥር ለሙቀት ብለው ከሰል አስገብተው፣ በርና መስኮት ዘግተው የተኙ ሰዎች አልነቁም የሚል ዜና እንሰማለን። ሎሚ ወይም ውሃ አጠገቡ ማስቀመጥም አያድንም። መፍትሔው ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ አለመተኛት፣ ሲቻልም ውጭ ማንደድ ነው።

በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከ5 ዓመት በታች ሕፃናት ናቸው። ሕፃን እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ ወጥ ሲሠራ አብሮ ይውላል። ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ሳንባውም ገና እያደገ ነው።

ከዛፉም አንጻር ከሰል ውድ ነው። በባህላዊው መንገድ አፈር ለብሶ ሲከሰል አብዛኛው የእንጨቱ ጉልበት እዚያው ጫካ ውስጥ ባክኖ ይቀራል። ከሰልን ፈጽሞ መተው ለማይችል ቤት ላቀች ምድጃ ከተራው የብረት ማንደጃ ያነሰ ከሰል ይበላል። በእንጨት እንጀራ ለሚጋግር ደግሞ ምርጥ ምድጃ አለ። እሳቱን ዙሪያውን ስለሚሸፍን፣ ሦስት ጉልቻ ላይ ከመጋገር ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

«የኤሌክትሪክ ምጣድ መብራት ይፈጃል፣ እንጨት ይሻላል»

ምጣድ መብራት መፍጀቱ እውነት ነው። 3 ሺህ 500 ዋት ገደማ ይስባል፣ ከቤት ዕቃ ሁሉ የሚበልጠው የለም ማለት ይቻላል። ግን መብራቱ ከየት ነው የሚመጣው? የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚመነጨው ከግድብ ውሃ ነው። በብዙ አገር ኤሌክትሪክ የሚገኘው የድንጋይ ከሰል ወይም ጋዝ ተቃጥሎ ስለሆነ የእነሱን ምክር እንዳለ መቅዳት እኛን አያዋጣም። እዚህ አገር ምግብን ከማገዶ ወደ መብራት ማዞር አንድ ቤተሰብ ሊያደርጋቸው ከሚችሉ ነገሮች ትልቁ ይመስለኛል።

ፍጆታውን መቀነስ ደግሞ ይቻላል። ዋናው ብክነት ምጣዱ እስኪግል ያለው ጊዜ ነው። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር የሳምንቱን በአንድ ጊዜ መጋገር ይሻላል። ሸክላው ሙቀት ስለሚይዝ መጨረሻ ላይ አንድ ሁለቱን እንጀራ ምጣዱን አጥፍቶ ማውጣት ይቻላል። መብራት እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ለዚያ ቀን ላቀች ምድጃው በረንዳ ላይ ይጠብቅ።

«ቆሻሻ ማቃጠል ያጸዳል»

ኅዳር 12 ቀን፣ ኅዳር ሲታጠን፣ ሰፈሩ ሁሉ በጭስ ይታፈናል። ልማዱ የተያያዘው በ1911 ዓ.ም. አገራችን ገብቶ ብዙ ሰው ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር ነው። ያኔ የሚቃጠለው ቅጠል፣ ገለባና ጨርቅ ነበር። ዛሬ ግን ቆሻሻችን ውስጥ ያለው ፌስታል፣ ሃይላንድ ጠርሙስና የተበጣጠሰ ጫማ ነው። ፕላስቲክ ሲቃጠል ለሳንባ የሚከፋ መርዛማ ጭስ ይወጣል፣ አንዳንዱም ካንሰር የሚያመጣ ነው። አስም ያለበት ልጅ ያለው ቤተሰብ ያን ምሽት እንዴት እንደሚያድር ያውቀዋል። ግቢን ጠርጎ ማጽዳቱን እንቀጥል። ለመታሰቢያ ደግሞ ዕጣን ይበቃል።

«የምግብ ትራፊ ራሱ ይበሰብሳል፣ ምን ችግር አለው?»

አየር ካገኘ ልክ ነው። በፌስታል ታስሮ ቆሻሻ ክምር ሥር ሲቀበር ግን ሜቴን ጋዝ ያወጣል። ሜቴን በመቶ ዓመት ስሌት ሙቀትን በማመቅ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ይበልጣል። የከተማችን የቤት ቆሻሻ አብዛኛው እንዲህ ያለ እርጥብ ነገር ነው። የቆሻሻ ክምር ምን እንደሚያደርስ ደግሞ መጋቢት 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ አይተናል። ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል፣ ከነዚህም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የሚኖር ሰውም ብስባሽ ማዘጋጀት ይችላል። ሥሩ የተበሳ አሮጌ ባልዲ፣ ትንሽ አፈርና ደረቅ ቅጠል ይበቃል። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ ይገባበታል። ሥጋና ዘይት ያለው ነገር አይግባ፣ ይሸታል፣ አይጥም ይጠራል። ሲደርስ በረንዳ ላይ ያለውን ጤናዳምና በሶብላ ያለመልማል።

«ሽንት ጨርቅ ሁልጊዜ ከዳይፐር ይሻላል»

ይህ ደግሞ በአካባቢ ተቆርቋሪዎች በኩል የሚሰማ ስህተት ነው። እንግሊዝ አገር በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ መንግሥታዊ ጥናት ውጤቱ ጨርቁ በሚታጠብበትና በሚደርቅበት መንገድ እንደሚወሰን አሳይቷል። በጣም በሞቀ ውሃ ታጥቦ በማሽን የሚደርቅ ጨርቅ ብልጫውን ያጣል። እኛ ጋ ፀሐይ በነጻ ታደርቃለች፣ ስለዚህ ሚዛኑ ወደ ጨርቁ ያደላል። በቀን 5 ዳይፐር የሚቀይር ሕፃን በወር 150 ይጥላል፣ ገንዘቡም ቀላል አይደለም።

ግን ውሃ በሳምንት አንዴ የሚመጣበት ሰፈር ያለች እናት ሙሉ በሙሉ በጨርቅ ትጠቀም ማለት ጭካኔ ነው። ቀን ቤት ውስጥ ጨርቅ፣ ማታና መንገድ ላይ ዳይፐር ማድረግ ይቻላል። የመጨረሻውን የማለቅለቂያ ውሃ ሽንት ቤት ላይ ለመድፋት መጠቀምም ያግዛል።

«የጨርቅ ቦርሳ ገዝቻለሁ፣ ጨርሻለሁ»

ጥጥ ለማምረት ብዙ ውሃና መሬት ይጠይቃል። አንድ የጥጥ ቦርሳ ከፌስታል የሚሻለው ደጋግመው ሲይዙት ነው። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ በየሱቁ አዲስ ቦርሳ መግዛት እየተለመደ ነው። ቤት ያለው ዘንቢል ይበቃል።

«ይህ የእናት ጉዳይ ነው»

እንዲህ ብሎ በአፉ የሚናገር የለም። በተግባር ግን ጨርቁን የምታጥበው፣ ልጣጩን የምትለየው፣ ምጣዱ ሥር የምትቆመው እሷ ናት። ሸክሙ አንድ ሰው ላይ ከወደቀ ሁሉም ነገር ወር ሳይሞላው ይቀራል። አባት ቅዳሜ ጨርቁን ይጠብ። የ7 ዓመት ልጅ አትክልቱን ውሃ ማጠጣት፣ ጠርሙሱንና ፕላስቲኩን ለቆራሌው መለየት አያቅተውም፣ እንዲያውም ይወደዋል። ሠራተኛ ያለችበት ቤት ደግሞ ጭሱን ከማንም በላይ የምትተነፍሰው ሠራተኛዋ ናት። ብዙ ጊዜ ወጥ ቤቱ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለ፣ መስኮት የሌለው ቆርቆሮ ክፍል ነው። ቤት ለማሳመር የታሰበ ገንዘብ ካለ፣ ከሳሎኑ መጋረጃ በፊት ለዚያ ክፍል መስኮት ይከፈትለት።