«ሹተር ካውንት» ምንድን ነው?

«ካሜራው ንጹሕ ነው፤ ሹተሩ ገና 9 ሺህ ነው» የሚል የሽያጭ ማስታወቂያና «መቶ ሺህ ያለፈ ካሜራ አልቆለታል፤ ሳይደርስ ሽጡትና አዲስ ግዙ» የሚል ምክር በአንድ ቀን ተከታትለው ስላጋጠሙኝ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ቁጥር ነው፤ አንዱ ግን ቁጥሩን የጤና ምስክር ወረቀት፣ ሌላው ደግሞ የሞት ቀጠሮ አድርጎታል። ካሜራ በመጠገን ለሚተዳደር ሰው ይበልጥ የሚያናድደው ሁለተኛው ነው፤ ገና ብዙ ሊሠራ የሚችለውን ዕቃ ከባለቤቱ እጅ በርካሽ አስወጥቶ ባለቤቱን ዕዳ ውስጥ የሚከተው እርሱ ነውና።

ሹተር ካውንት በሴንሰሩ (ብርሃኑን ተቀብሎ ወደ ምስል በሚለውጠው ክፍል) ፊት የሚከፈቱትና የሚዘጉት ሁለቱ የሜካኒካል ሹተር መጋረጃዎች ካሜራው ከተሠራ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንደሠሩ የሚያሳይ፣ ካሜራው ራሱ የሚመዘግበው ቁጥር ነው። ስለ ሴንሰሩ፣ ስለ ሌንስ መግጠሚያው፣ ስለ ካርድ ማስገቢያው ወይም ስለ ቁልፎቹ አንድም ነገር አይናገርም። በፎቶው ስም ላይ የሚታየው ቁጥርም እርሱ አይደለም፤ ያ ቁጥር 9999 ሲደርስ ተመልሶ ከ0001 ይጀምራል። ስለዚህ «የመጨረሻው ፎቶ ቁጥር 3,200 ነው» ብሎ የሚሸጥ ሰው ባይዋሽም ስለ ሹተሩ የነገረን ነገር የለም።

አምራቾች ሹተሩ ስንት ጊዜ ቢሠራ እንዲችል ተደርጎ እንደተሠራ ይገልጻሉ። ለካኖን 5ዲ ማርክ 3 የተሰጠው ቁጥር 150,000፣ ለካኖን 6ዲ 100,000፣ ለኒኮን ዲ850 200,000፣ ለካኖን 1ዲ ኤክስ ማርክ 2 ደግሞ 400,000 ነው። ያ ምክር ሰጪ «ፋብሪካው ራሱ ተናግሯል እኮ!» ብሎ የሚሟገተው በእነዚህ ቁጥሮች ነው። ፋብሪካው የተናገረው ግን የተሠራበትን የጥንካሬ ደረጃ እንጂ የማብቂያውን ቀን አይደለም፤ በመድኃኒት ብልቃጥ ላይ እንደሚጻፈው የአገልግሎት ዘመን አድርጎ ያነበበው አንባቢው ነው። በአንድ የጥር ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ካሜራዎች ተቀምጠው ነበር፤ አንደኛው በ41 ሺህ ሹተሩ የተሰበረ፣ ሌላው 300 ሺህ አልፎ የመጣበት ችግር የላላ የጎማ እጀታ ብቻ የሆነ። ሁለቱም 150,000 የተባለላቸው ነበሩ።

ነገሩን በወፍጮ ቤት ብናየው ይቀለናል። ባለ ወፍጮ ድንጋዩ ሲደነዝዝ ያስወቅረዋል፤ ከመጠን በላይ ሲሳሳ ደግሞ በሌላ ድንጋይ ይተካዋል እንጂ «ይህ ድንጋይ ይህን ያህል ሺህ ኩንታል ፈጭቷልና ወፍጮ ቤቱን ልሽጠው» አይልም። ሹተርም የሚለወጥ ክፍል ነው። (በሙያዬ ምክንያት አንድ ነገር ሳልጨምር ማለፍ አልችልም፤ ይቻላል ማለት ሁልጊዜ ያዋጣል ማለት አይደለም። ክፍሉና የእጅ ዋጋው ተደምረው ተመሳሳይ ያገለገለ ካሜራ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሽ የሚያልፉ ከሆነ እኔ ራሴ ደንበኛዬን አልመክረውም። እንዲሁም ከጥገና በኋላ፣ በተለይም ዋናው ቦርድ ከተለወጠ፣ የሚነበበው ቁጥር የካሜራውን እውነተኛ ዕድሜ ላያሳይ ይችላል።)

ወደ 9 ሺሁ ካሜራ ስንመለስ፣ ወፍጮው አሁንም ይጠቅመናል። ድንጋዩ አዲስ ሆኖ ሞተሩ ግን ቀኑን ሙሉ ሲሽከረከር የኖረ፣ ቺንጊያው የተበላ፣ መሠረቱ የተናጋ ወፍጮ ሊኖር ይችላል። ቪዲዮ ሲቀረጽ ሹተሩ ተከፍቶ ይቆያል፤ የአንድ ሰዓት ቀረጻ በቆጠራው ላይ የሚጨምረው ነገር ከምንም አይቆጠርም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሠርግ ሲቀርጽ የኖረ ካሜራ 9 ሺህ ቢያሳይ የሚገርም አይደለም፤ በእነዚያ ዓመታት ግን ሴንሰሩ ለረጅም ሰዓት ሲሞቅ፣ ምስሉን ወደ ስክሪን የሚያወጣው የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ሲነቀልና ሲሰካ፣ የባትሪ ክዳኑ ሲከፈትና ሲዘጋ ኖሯል። ስለዚህ ከፎቶ አንሺ ይልቅ ከቪዲዮ ባለሙያ የሚገዛ ሰው ቆጠራውን ከመጠየቁ በፊት መሰኪያዎቹን በገመድ ይሞክር። እ.ኤ.አ. በ2021 እንደወጣው ኒኮን ዜድ9 ባሉ፣ ሜካኒካል ሹተር ጭራሽ በሌላቸው ካሜራዎች ላይ ደግሞ «ሹተሩ ስንት ነው?» ማለት ድንጋይ የሌለውን ወፍጮ ድንጋዩ ስንት ፈጨ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

ሹተሩን ራሱን መፈተሽ የፈለገ ገዢ በቀን ብርሃን፣ ነጭ ግድግዳ ላይ፣ በ1/4000 ወይም በ1/8000 ሰከንድ ደጋግሞ ፎቶ ያንሳ። የምስሉ አንድ ወገን ከሌላው ከጨለመ ወይም ጥቁር ሰንበር ከታየ መጋረጃዎቹ እኩል እየሄዱ አይደሉም። በካኖን ካሜራዎች ላይ «ኤረር 30» የሚለው መልእክትም የሹተር ብልሽትን ያመለክታል። ፈተናው በቤት ውስጥ መብራት መደረግ የለበትም፤ በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ የሚሠሩ ብዙ መብራቶች ዓይን ሳያያቸው ስለሚርገበገቡ ጤነኛውን ሹተር በሐሰት ይከሱታል። ፍላሽ ተገጥሞም አይሞከር፤ ለምሳሌ 5ዲ ማርክ 3 ከፍላሽ ጋር በተለመደው አሠራር የሚጣጣመው እስከ 1/200 ሰከንድ ድረስ ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ የሚታየው ጥቁር ሰንበር ብልሽት አይደለም። በዚህ ምክንያት ብቻ ካሜራቸውን «ተበላሽቷል» ብለው ያመጡልኝ ሰዎች ጥቂት አይደሉም።

ታዲያ ካሜራ የሚቀየረው መቼ ነው? ቆጠራው ይህን ጥያቄ አይመልስም። መልሱ ያለው ባለቤቱ ሊያነሳው ፈልጎ ያልቻለው ፎቶ ላይ ነው። በተክሊል ሥርዓት ላይ ቤተ ክርስቲያኑ ጨለም ብሎበት፣ ፍላሽም ተከልክሎ፣ ፎቶው ሁሉ አሸዋ የተበተነበት መስሎ ከወጣበት ምክንያት አለው፤ ሆኖም ያን ጊዜም አስቀድሞ የሚጠረጠረው ሌንሱ ነው። ከኤፍ 4 ሌንስ ወደ ኤፍ 2.8 (ቁጥሩ ሲያንስ የሌንሱ ቀዳዳ ይሰፋል) መሻገር ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈውን ብርሃን እጥፍ ያደርገዋል፤ ካሜራውን ብቻ በአዲስ መቀየር ይህን ያህል ለውጥ የሚያመጣው ሁልጊዜ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በብር ሲታሰብ ያለበትን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በቁጥር ፍርሃት ብቻ ካሜራ መለወጥ ከቀድሞው ይልቅ ውድ ስሕተት ሆኗል።

ቆጠራው በእርግጥ የሚያገለግለው ስንት ካሜራ መያዝ እንደሚያስፈልግ ሲታሰብ ነው። በአንድ ሠርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሳና በዓመት 40 ሠርግ የሚሠራ ሰው በዓመት 80,000 ጊዜ ሹተሩን ይጫናል፤ 150,000 የተባለለትን ካሜራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ያደርሰዋል ማለት ነው። ሹተር ደግሞ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ቀስ በቀስ ደንዝዞ ላያስጠነቅቅ ይችላል (ምሳሌዬ የሚያነክሰው እዚህ ላይ ነው)፤ ሙሽሮቹ ቀለበት ሲያስሩ በድንገት ቀጥ ሊል ይችላል። ለእንዲህ ያለው ባለሙያ ሁለት ካሜራ መያዝ ቅንጦት አይደለም። ሁለተኛው አዲስ መሆን አያስፈልገውም፤ ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ሌንስና ባትሪ መቀበሉ ግን የግድ ነው። 6ዲ እና 5ዲ ማርክ 3 በአንድ ዓይነት ባትሪ መሥራታቸው ለሠርግ ቀን ከብዙ የሜጋፒክስል ልዩነት ይበልጣል። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ካሜራም ጥር ሳይገባ ወይም የሠርጉ ሥራ በሚቀዘቅዝበት በዐቢይ ጾም ወደ ጥገና ቢመጣ እኔም እፎይ እላለሁ፤ ለቅዳሜ ሠርግ ዐርብ ማታ የሚመጣ ካሜራ የሚሰጠኝ ጊዜ የለም።

ለራሱ ደስታ፣ ለልጆቹ ልደትና ለጉዞ ለሚያነሳ ሰው አንድ ካሜራ ይበቃል። በዓመት 5,000 ፎቶ ቢያነሳ 100,000 ለመድረስ 20 ዓመት ያስፈልገዋልና ስለ ቆጠራው የሚጨነቅበት ምክንያት የለም። ከእንዲህ ያሉ ደንበኞች ወደ እኔ የሚመጣው ሁለተኛና ሦስተኛ ካሜራ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ ሹተር አይኖረውም፤ የሚኖረው በቆዳ ቦርሳ ውስጥ ክረምቱን ተዘግቶ በመቆየቱ ሻጋታ የያዘው ሌንስና ከውስጡ ሳይወጣ አብጦ የቀረ ባትሪ ነው።