አቻ ለአቻ በስልክ፦ የወጣት ትራንስ ሴቶች የኤች አይ ቪ ድጋፍ

ትራንስ ሴቶች የሚባሉት ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡ፣ ራሳቸውን ግን ሴት አድርገው የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። በብዙ ከተሞች ወጣቶቹን ከኤች አይ ቪ ለመጠበቅና ቫይረሱ ያለባቸውን በሕክምና ለማቆየት ራሳቸው ትራንስ ሴቶች በስልክ ይሠራሉ። በጽሑፍ መልእክትና በማኅበራዊ ሚዲያ ይመክራሉ፣ ቀጠሮ ያሲዛሉ፣ የጠፋችውን ይፈልጋሉ። በአገራችን ሆስፒታሎች ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች አዲስ ታካሚ ሲያበረታቱ ያየ ሰው ሐሳቡ እንግዳ አይሆንበትም።

ችግሩ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የ15 አገሮች ጥናቶች ስብስብ ከተመረመሩት ትራንስ ሴቶች 19.1 በመቶው ቫይረሱ እንዳለባቸው አሳይቷል። በአሜሪካ ሰባት ከተሞች በ2019 እና በ2020 በተደረገ ጥናት ደግሞ 42 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ከጥቁሮቹ 62 በመቶ፣ ከነጮቹ 17 በመቶ። ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጣው ተፈጥሮ አይደለም። ከቤት መባረር፣ ሥራ ማጣት፣ ለማደሪያ ሲሉ አደጋ ውስጥ መግባት ነው።

ክሊኒክ መሄድም ቀላል አይደለም። ተራ በሚጠበቅበት አዳራሽ በድሮ የወንድ ስሟ የተጠራች ልጅ ሁለተኛ ላትመለስ ትችላለች። ሌላው ፍርሃት ሰውነታቸው የሴት እንዲመስል ከሚወስዱት ሆርሞን ጋር የተያያዘ ነው። ብዙዎቹ ፕረፕ፣ ማለትም ቫይረሱ እንዳይዝ አስቀድሞ የሚወሰደው መድኃኒት፣ ሆርሞናቸውን የሚያበላሽ ይመስላቸዋል። በታይላንድ የተደረገ ጥናት ግን ፕረፕ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን መጠን እንደማይቀንስ አሳይቷል። ይህን ሐኪም ሲናገረው አንድ ነገር ነው። ሁለቱንም የምትወስድ እኅት ስትናገረው ግን ይታመናል።

ባንኮክ ያለው ታንጀሪን ክሊኒክ ይህ ገብቶታል። በ2015 በታይ ቀይ መስቀል የኤድስ ምርምር ማዕከል ሥር ሲከፈት የሆርሞን ምክርና ምርመራን ከኤች አይ ቪ አገልግሎት ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር አደረገ። ለሆርሞኗ የመጣችው እግረ መንገዷን ትመረመራለች። ሠራተኞቹም በአብዛኛው ትራንስ ሴቶች ናቸው። በታይላንድ ሐኪም ያልሆኑ ነገር ግን የሠለጠኑ የማኅበረሰቡ አባላት የኤች አይ ቪ ምርመራ ያደርጋሉ፣ ፕረፕም ያድላሉ። እኔ ከሁሉም የማደንቀው ይህን ነው፤ አቻዋ እዚህ አስተዋዋቂ ብቻ ሳትሆን ባለሙያ ነች።

ሎስ አንጀለስ በሌላ መንገድ ሞክራለች። ቴክስት ሚ ገርል የተባለው ፕሮግራም ቫይረሱ ላለባቸው ከ18 እስከ 34 ዓመት ለሆኑ ትራንስ ሴቶች ለ90 ቀናት በየቀኑ ሦስት መልእክት፣ በድምሩ 270 ይልክ ነበር። መልእክቱ ስለ መድኃኒትና ቀጠሮ ያስታውሳል፣ ያበረታታል። መድኃኒቱን በትክክል ወስዳ ቫይረሱ በደሟ በምርመራ የማይታይ የሆነላት ሴት በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለማንም አታስተላልፍም፤ ስለዚህ ማስታወሻው ትልቅ ነገር ነው። ግን የሚልከው ማሽን ነው። ሌሊት ከቤት የተባረረች ልጅ «የት ልደር?» ብላ ብትጽፍ የሚመልስላት ሰው ያስፈልጋል።

ስልክ የራሱ አደጋ አለው። ስክሪን ላይ ብቅ ያለ «ኤች አይ ቪ» የሚል ቃል ምስጢር ያወጣል፤ ስለዚህ መልእክቱ ለማያውቅ ሰው ተራ ሰላምታ መምሰል አለበት። አቻዎቹም ደመወዝ ይገባቸዋል። ሌሊቱን ሙሉ ስልክ የምታነሳ ሴት በበጎ ፈቃድ ብቻ ብዙ አትቆይም። ገንዘቡ ደግሞ አስተማማኝ አይደለም። በሕንድ ሃይደራባድ በ2021 የተከፈተው ሚትር የተባለው የትራንስጀንደሮች ክሊኒክ በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ እርዳታ ሲቋረጥ ተዘግቶ ነበር።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አሜሪካ በዓመት ሁለቴ ብቻ የሚወጋውን ሌናካፓቪር ለመከላከያነት ፈቀደች። መድኃኒቱን ከፈተኑት ጥናቶች በአንዱ ትራንስ ሴቶችም ተሳትፈዋል። መርፌው በተዳረሰበት የዕለት ኪኒን ማስታወሻው ይቀራል። አድራሻዋንም ስልኳንም የቀየረችን ልጅ ከስድስት ወር በኋላ ፈልጎ ለቀጣዩ መርፌ ማምጣት ግን አሁንም የአቻዎቿ ሥራ ነው።