የዋሽንግተን ስቴት የነዳጅ ብክለት ማጽጃ ደንብ፦ አጠቃላይ ዳሰሳ

በዋሽንግተን ስቴት ማደያ ለመግዛት የተደራደረ ሰው አንድ ወረቀት ያውቃል። ከላቦራቶሪ የሚመጣ የአፈር ምርመራ ውጤት ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ከደንቡ ቁጥር በታች ከሆነ ግዢው ይቀጥላል። ከበለጠ ግን ባንኩ ገንዘቡን ይይዛል፣ ጠበቃ ይገባል፣ ቁፋሮ ይጀመራል። በሲያትልና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች በማደያ ሥራ ላይ ያሉ ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደሉም። ስለ ደንቡ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ግን እንደ ልብ አይገኝም። ይህ ዳሰሳ የተዘጋጀው ለዚያ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ስም አንድ ነገር እናስቀድም። በአማርኛ «ቤንዚን» የምንለው መኪና ውስጥ የሚቀዳውን ነዳጅ ነው። በዚያ ነዳጅ ውስጥ ካንሰር የሚያመጣ አንድ ኬሚካል አለ፤ ስሙም ከነዳጁ ስም ጋር በጣም ይቀራረባል። እንዳይምታታ ኬሚካሉን እዚህ «ቤንዜን» ብለነዋል።

ጉዳዩ ለምን በስቴት እጅ ወደቀ?

የአሜሪካ ኮንግረስ በ1980 ሱፐርፈንድ የተባለውን የብክለት ማጽጃ ሕግ አወጣ። ሕጉ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ነዳጅና ድፍድፍ ዘይትን በግልጽ ከውስጡ አስወጣ። ስለዚህ ከማደያ ሥር የፈሰሰ ቤንዚን በሱፐርፈንድ አይጸዳም። በ1984 ኮንግረስ ስለተቀበሩ ታንከሮች ለብቻው ደነገገ። የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ደግሞ በ1988 ዝርዝር ደንብ አወጣ። አሮጌ ታንከሮች እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን 1998 ድረስ መታደስ ወይም መዘጋት ነበረባቸው። በመላው አገሪቱ እስካሁን ከ500,000 በላይ ፍሳሾች ተመዝግበዋል።

የፌዴራሉ ደንብ ታንከሩ እንዴት እንደሚቀመጥና ፍሳሽ እንዴት እንደሚታወቅ ይናገራል። አፈሩ ውስጥ ስንት ሚሊግራም ሲቀር «በቃ» ይባላል የሚለውን ግን ለስቴቶች ተወው። እያንዳንዱ ስቴት የራሱን ቁጥር ያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕዝብ የመረጠው ሕግ

የዋሽንግተን ሕግ አወላለድ ከብዙዎቹ ይለያል። የስቴቱ ምክር ቤት በ1987 አንድ የጽዳት ሕግ አጽድቆ ነበር። የአካባቢ ተቆርቋሪዎች ግን ሕጉ ለኩባንያዎች ይለሰልሳል ብለው አልተቀበሉትም። ፊርማ አሰባስበው የራሳቸውን ረቂቅ አቀረቡ። ይህ ኢኒሺየቲቭ 97 ይባላል። ምክር ቤቱም የራሱን አማራጭ 97ቢ ብሎ ጎን ለጎን አስቀመጠ። በኅዳር 1988 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠና 97 አሸነፈ። ሕጉ ከመጋቢት 1989 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ።

ሙሉ ስሙ «የመርዛማ ቁሶች ቁጥጥር ሞዴል ሕግ» ነው። ባለሙያዎች በምህጻሩ ኤምቲሲኤ ይሉታል። ሱፐርፈንድ ያስወጣውን ነዳጅ ይህ ሕግ መልሶ አስገባ። የበከለ ይክፈል ይላል፤ ጥፋተኝነት መረጋገጥ ሳያስፈልገው ባለቤትም ሆነ ያኔ የሠራበት ሰው ይጠየቃል። ለመንግሥት የጽዳት ሥራ የሚውል ቀረጥም ጣለ፤ ወደ ስቴቱ በሚገባ መርዛማ ቁስና ነዳጅ ላይ ከጅምላ ዋጋው 0.7 በመቶ። ተራ መራጭ ሰው ይህን ያህል ቴክኒካዊ ሕግ አንብቦ ጠንካራውን መምረጡ የሚያኮራ ነገር ነው። እዚህ አገር የምንኖር ሰዎችም በየጊዜው የምንጠቀምበት መብት ነው።

አስፈጻሚው የስቴቱ ኢኮሎጂ መምሪያ ነው። ሰው ሁሉ ባጭሩ «ኢኮሎጂ» ይለዋል።

የመጀመሪያዎቹ ቁጥሮች

ኢኮሎጂ የጽዳት መስፈርቶቹን በ1991 አወጣ። ሦስት መንገድ አለ። መንገድ ሀ ዝግጁ ሠንጠረዥ ነው፤ ለተራና ለትንንሽ ቦታ ይሆናል። መንገድ ለ በቦታው ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ይሰላል። መንገድ ሐ በአብዛኛው ለኢንዱስትሪ ቦታ ነው። በመንገድ ለ ለአንድ ኬሚካል የሚፈቀደው የካንሰር ስጋት ከ1 ሚሊዮን ሰው አንድ ነው። የሁሉም ድምር ከ100,000 ሰው አንድ መብለጥ የለበትም።

ማደያዎች በብዛት የሚጠቀሙት መንገድ ሀን ነው። በ1991ዱ ሠንጠረዥ ቤንዚን በአንድ ኪሎ አፈር 100 ሚሊግራም፣ ናፍጣ 200 ሚሊግራም ነበር። ቤንዜን ደግሞ 0.5 ሚሊግራም። ለከርሰ ምድር ውሃ ጠቅላላው ነዳጅ በሊትር 1,000 ማይክሮግራም ተባለ።

ዘጠናዎቹ፦ ታንከር ሲወጣ

ብዙው ነገር የተፈጠረው በዚህ ዘመን ነው። የ1998 ቀነ ገደብ ሲቀርብ ባለማደያዎች አሮጌ ታንከሮችን ማውጣት ጀመሩ። ታንከሩ ሲወጣ ከሥሩ ያለው አፈር ይሸታል። በአንድ ጊዜ እጅግ ብዙ ቦታ በመዝገብ ገባ። 200 ሚሊግራም ናፍጣ ለማሟላት አፈር ተቆፍሮ በመኪና ተጭኖ ወደ ቆሻሻ መድፊያ ይሄድ ነበር። ወጪው ከቦታው ዋጋ የሚበልጥበት ጊዜ ነበር።

ዋናው ችግር ሳይንሳዊ ነበር። ነዳጅ አንድ ኬሚካል አይደለም፤ በመቶ የሚቆጠሩ ውህዶች ድብልቅ ነው። ላቦራቶሪው አንድ ድምር ቁጥር ይሰጣል። ያ ቁጥር ግን ብቻውን አዲስ የፈሰሰ ቤንዚንና ሃያ ዓመት የቆየ ናፍጣ የሚያደርሱትን ጉዳት አይለይም። የመጀመሪያው ውስጥ ቤንዜን አለ፤ በቶሎ ወደ ውሃ ይወርዳል። ሁለተኛው ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ የቀረ ከባድ ነገር ነው። ጉዳታቸው እኩል አይደለም።

ምክር ቤቱ በ1995 ሕጉን የሚመረምር አማካሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኢንዱስትሪው፣ የአካባቢ ተቆርቋሪዎች፣ የአካባቢ መስተዳድሮችና ባለሙያዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። በ1996 መጨረሻ ሪፖርታቸውን አቀረቡ። ከትልልቆቹ ምክሮች አንዱ የነዳጅ መስፈርቱ በአዲስ መልክ ይሠራ የሚል ነበር። በዚያው ሰሞን የአሜሪካ አየር ኃይል የነበረበት አገር አቀፍ የባለሙያዎች ቡድንና የማሳቹሴትስ ስቴት ተመሳሳይ ጥናት ላይ ነበሩ።

የተገኘው መፍትሔ ነዳጁን በክፍልፋይ መለካት ነው። ውህዶቹ በካርቦን ብዛታቸው ይመደባሉ። ከዚያ እንደ ቤንዜን ያለ ቀለበታዊ ቅርጽ ያላቸውና የሌላቸው ተብለው ይለያሉ። እያንዳንዱ ክፍልፋይ ምን ያህል መርዛማ እንደሆነ፣ ውሃ ውስጥ ምን ያህል እንደሚሟሟ፣ ምን ያህል እንደሚተን ይሰላል። ኢኮሎጂ ይህን በ1997 በጊዜያዊ መመሪያ አስጀመረ። በኋላም ባለሙያው ቁጥሮቹን ብቻ አስገብቶ የሚያሰላበት የኤክሴል ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ በነጻ ለቀቀ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። አነስተኛ አማካሪ ድርጅትም ከትልቁ እኩል መሥራት የቻለው በዚህ ነው።

የ2001 ማሻሻያ

ደንቡ በየካቲት 2001 ጸድቆ ከነሐሴ 15 ቀን 2001 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። በነዳጅ በኩል እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሠንጠረዥ የመጣው ከዚህ ነው።

ቤንዚን በሁለት ተከፈለ። አፈሩ ውስጥ ቤንዜን ከሌለና የዘመዶቹ የቶሉይን፣ የኢቲልቤንዜንና የዛይሊን ድምር ከቤንዚኑ 1 በመቶ በታች ከሆነ 100 ሚሊግራም እንደነበረ ቀረ። ከዚህ ውጭ ለሆነው ወደ 30 ወረደ። ቤንዜን ራሱ ከ0.5 ወደ 0.03 ሚሊግራም ዝቅ አለ። ይህ እጅግ ጥብቅ ቁጥር ነው። ምክንያቱ ውሃ ነው፤ ከአፈር ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ወርዶ የመጠጥ ውሃ እንዳያበላሽ ተብሎ የተሰላ ነው።

ናፍጣ በተቃራኒው ከ200 ወደ 2,000 ከፍ አለ። ከባድ ዘይትም እንዲሁ። እዚህ ላይ እስከ ዛሬ የሚከራከሩ አሉ። አሥር እጥፍ መላላት ነው የሚሉ አሉ። ደንቡ የሚሰጠው ምክንያት ግልጽ ነው። 2,000 የተመረጠው ናፍጣው እንደ ዘይት ሆኖ ውሃው ላይ እንዳይንሳፈፍ ለመከላከል ነው። ለውሃው ራሱ ደግሞ መስፈርቱ ጠበቀ፤ ከ1,000 ወደ 500 ማይክሮግራም ወረደ። ቤንዚን በውሃ ውስጥ ቤንዜን ካለበት 800፣ ከሌለበት 1,000 ሆነ። ስለዚህ ደንቡ ላላ ወይም ጠበቀ ብሎ በአንድ ቃል መናገር አይቻልም። አደገኛውን አጠበቀ፣ ሌላውን ፈታ አደረገ። በእኔ እይታ ትክክለኛው ነገር ነበር።

በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው ኤምቲቢኢም በሠንጠረዡ ገባ፤ ለውሃ 20 ማይክሮግራም። የተክልና የእንስሳት ጉዳይም ራሱን ችሎ እንዲመረመር ተደረገ።

ስካይኮሚሽ

ደንቡ መሬት ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት ስካይኮሚሽን ማየት ነው። ከሲያትል በስተምሥራቅ በስቲቨንስ ፓስ ተራራ መውጫ ላይ ያለች ወደ ሁለት መቶ ሰው የሚኖርባት መንደር ናት። ከ1890ዎቹ ጀምሮ የባቡር ነዳጅ መሙያና መጠገኛ ነበረች። ለአሥርተ ዓመታት የፈሰሰው ናፍጣና ከባድ ዘይት ከመንደሩ ሥር ተጠራቅሞ ወደ ወንዙ ይንጠባጠብ ጀመር።

የባቡር ኩባንያው ቢኤንኤስኤፍና ኢኮሎጂ ለዓመታት ተደራድረው ተስማሙ። በ2006 የወንዙ ዳር ተቆፈረ። ቀጥሎ ወደ መንደሩ ተገባ። ቤቶች ከመሠረታቸው ተነሥተው ወደ ጎን ተወሰዱ። አፈሩ ወጣ፣ ንጹህ አፈር ገባ፣ ቤቶቹ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ትምህርት ቤቱን ማንሳት ስላልተቻለ ከሥሩ ሙቅ ውሃ እየተላከ ዘይቱ እንዲቀጥንና እንዲወጣ ተደረገ። ሰው ሁሉ ደስ አላለውም፤ ኑሮን የሚያናጋ ነገር ነው። ሕዝብ የመረጠው ሕግ ግን ሁለት መቶ ሰው ላለባት መንደር ይህን ማስደረግ ችሏል።

ገንዘቡና መድኑ

በሰማንያዎቹ መጨረሻ የመድን ኩባንያዎች ለማደያ የብክለት ሽፋን መስጠት ፈሩ። የፌዴራሉ ደንብ ደግሞ ማደያ ለአንድ አደጋ 1 ሚሊዮን ዶላር የሚሸፍን ዋስትና እንዲኖረው ያዛል። ምክር ቤቱ በ1989 የብክለት ተጠያቂነት መድን ኤጀንሲን አቋቋመ። በኋላ ለቤት ማሞቂያ ዘይት ታንከሮችም ተስፋፋ። በ2016 ደግሞ ለማደያ ባለቤቶች ብድርና እርዳታ መስጠት እንዲችል ተደረገ። ትንንሽ ማደያ ያላቸው ወገኖቻችን ሊያውቁት የሚገባ ቢሮ ነው።

የ0.7 በመቶው የጽዳት ቀረጥ በነዳጅ ዋጋ ላይ የተመሠረተ ስለነበር ዋጋ ሲወርድ ካዝናው ይደርቅ ነበር። ከ2014 በኋላ የሆነው ይኸው ነው። ከሐምሌ 2019 ጀምሮ ለነዳጅ ቀረጡ በበርሜል 1.09 ዶላር ሆነ።

ከዚያ ወዲህ

የ2007 ማሻሻያ ስለ ዳዮክሲንና መሰል ኬሚካሎች ነበር። በ2013 ምክር ቤቱ ተራ ለሆኑ ቦታዎች ዝግጁ የጽዳት አሠራር እንዲወጣ አዘዘ። ኢኮሎጂም በነዳጅ ለተበከለ አፈር፣ ቀጥሎም ለከርሰ ምድር ውሃ አወጣ። የብክለት ትነት ወደ ቤት ውስጥ ስለመግባቱ የተሟላ መመሪያ የመጣው በ2022 ነው።

አዲሱ ደንብ በነሐሴ 2023 ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ቦታዎች በአደገኛነታቸው የሚመዘኑበት መንገድ ተቀየረ። ብክለት በርክቶባቸው የቆዩ ማኅበረሰቦች በቅድሚያ እንዲታዩ ተደነገገ። ይህ ለደቡብ ሲያትል ነዋሪ ትርጉም አለው። በማውንት ቤከር የባቡር ጣቢያ አካባቢ የልብስ ማጽጃና የማደያ ብክለት በነበረበት ቦታ አቅሙ አነስተኛ ለሆነ ሰው መኖሪያ ቤት ተሠርቷል።

በስቴቱ የተመዘገቡት የተበከሉ ወይም የተጠረጠሩ ቦታዎች ከ13,000 በላይ ናቸው። ከግማሽ በላዩ ሥራቸው አልቋል። ሥራው ሲያልቅ ኢኮሎጂ «ተጨማሪ ሥራ አያስፈልግም» የሚል ደብዳቤ ይሰጣል። የተወሰነ ብክለት ከተተወ ግን በቦታው ሰነድ ላይ ገደብ ይመዘገባል፤ በየአምስት ዓመቱም ይጎበኛል።

አንድ ክርክር አሁንም አለ። ናፍጣ ሲያረጅ ባክቴሪያ እየበላው ወደ ሌሎች ውህዶች ይለወጣል። ላቦራቶሪ ናሙናውን በሲሊካ ጄል ካጣራው እነዚህ ተለይተው ይወጡና ቁጥሩ ይወርዳል። ኢኮሎጂ እነሱም ከነዳጁ የመጡ ስለሆኑ ይቆጠሩ ይላል። ብዙ አማካሪዎች አይስማሙም። ሁለቱም ወገን የሚለው ነገር አለው፤ ሆኖም የመጠጥ ውሃ ባለበት ቦታ የኢኮሎጂ ጥንቃቄ ያመዝናል።

የ2023ቱ ደንብ የመንገድ ሀን የነዳጅ ቁጥሮች አልነካም፤ የመስፈርቶቹ ማሻሻያ ለቀጣይ ዙር ተላልፏል። ዛሬ ታንከር የሚያወጣ ባለማደያ ፍሳሽ ካየ በ24 ሰዓት ውስጥ ያሳውቃል። ናሙናውን ልኮ ውጤቱ ሲመጣለት የሚያስተያየው ከ2001ዱ ሠንጠረዥ ጋር ነው፤ 30፣ 100፣ 2,000።